በሰርጅ ፕሮቴክተር አጠቃቀም ረገድ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የተቃጠሉ ዕቃዎችን ለጥገና ስቀበል ደጋግሜ የምሰማው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ሰርጅ ፕሮቴክተር ላይ ተሰክቶ ነበር እኮ፣ ታዲያ እንዴት ተቃጠለ?» ጥያቄው የሚመነጨው ፕሮቴክተሩ ድንገተኛውን የቮልቴጅ ጭማሪ፣ ማለትም ሰርጁን፣ እንደ ስፖንጅ መጥጦ ያስቀረዋል ከሚል እምነት ነው። ከዚህ በታች ከማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የዚሁ እምነት ልጆች ናቸው።

በውስጡ ያለው ዋናው አካል ቫሪስተር ይባላል፤ በአብዛኛው ከዚንክ ኦክሳይድ የተሠራ፣ ሳንቲም የሚመስል ትንሽ ዕቃ ነው። በ230 ቮልት መስመር ላይ በመደበኛው ጊዜ ከረንት የማያሳልፍ ዝግ በር ያህል ሲሆን፣ ቮልቴጁ ከወሰኑ ሲያልፍ ግን በቅጽበት ይከፈትና ትርፉን ከረንት ወደ ኒውትራል (የከረንቱ መመለሻ ሽቦ) ወይም ወደ ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) ይመልሰዋል። ከጉልበቱ ከፊሉ በቫሪስተሩ ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ የቀረው በሽቦውና በመሬቱ ውስጥ ያልቃል። ሥራው እንግዲህ በዋናነት መንገድ ማስቀየር ነው።

የመጀመሪያው ስህተት በጁል፣ ማለትም በጉልበት መለኪያው፣ ቁጥር ብቻ መግዛት ነው። 3,000 አምፔር የሚደርስና በ20 ማይክሮሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ገደማ የሚያበቃ ሰርጅ መጣ እንበል። ቫሪስተሩ ቮልቴጁን 1,000 ቮልት ላይ ቢገታው በራሱ ውስጥ የሚቀረው ጉልበት በግምት 60 ጁል ይሆናል፤ 700 ቮልት ላይ የሚገታ ሌላ ቫሪስተር ግን ከዚያው ሰርጅ ወደ 42 ጁል ብቻ ይቀበላል። ዕቃዎን የተሻለ የጠበቀው ያነሰ ጉልበት የዋጠው ነው ማለት ነው። የጁል ቁጥር የሚናገረው ስለ ፕሮቴክተሩ ጽናት ስለሆነ፣ ከእሱ አስቀድመው ቮልቴጁን የሚገታበትን ልክ ይመልከቱ።

ሁለተኛውን ስህተት በእርጋታ ልጽፈው ብፈልግም ትዕግሥቴ አልቋል፤ እሱም ያለ ግራውንድ መሰካት ነው። የሶኬቱ እግር አልገባ ሲል የግራውንዱን እግር ይሰብሩታል፤ አለዚያም ግራውንድ የሌለው አዳፕተር ይደርቡበታል፤ ከዚያም ትንሿ መብራት ስለበራች ብቻ እንደተጠበቁ ያምናሉ። ትርፉን ከረንት ወደ መሬት የሚወስደውን መንገድ በገዛ እጅዎ ከቆረጡ በኋላ ከረንቱ ወዴት እንዲሄድ ይጠብቃሉ? አንድ ጊዜ የተጠራሁበት ቢሮ ውስጥ ፕሮቴክተሩ ደህና ነበር፣ መብራቱም ይበራ ነበር፤ የኮምፒውተሮቹ የኔትወርክ መሰኪያዎች ግን በሙሉ ሞተው ነበር። የግድግዳውን ሶኬት ፈትቼ ሳይ፣ ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ተጠቅልሎ፣ ጫፉም በናስትሮ ታስሮ ከማንም ጋር ሳይገናኝ ተቀምጧል። ቫሪስተሩ ሥራውን ሠርቶ ሰርጁን ወደ ግራውንዱ ሽቦ አሻግሮት ነበር፤ ሽቦው ግን የትም ስለማያደርስ ከረንቱ በኮምፒውተሮቹ ብረት አካል አልፎ በኔትወርክ ገመዱ በኩል የራሱን መውጫ ፈልጓል። ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት ማየት ስለ ግራውንድ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም፤ በባለሙያ ማስለካት ያስፈልጋል።

ከዚሁ ጋር የአንቴናና የኔትወርክ ገመዶችን መርሳትም አለ፤ ሰርጅ በእነሱም በኩል ይገባል።

ቀጣዩን ስህተት የሠራሁት እኔው ራሴ ነኝ። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን በብሬከር ሳጥን ውስጥ የሚገጠመውን ትልቁን ፕሮቴክተር ሳስገባ፣ ሽቦውን አስረዝሜ፣ ለውበት ብዬ ጥግ ጥጉን አዙሬ አስተካክዬ አሰርኩት፤ ባለቤቱም አደነቀኝ። አንድ ሜትር ሽቦ ግን አንድ ማይክሮሄንሪ ያህል ኢንደክታንስ፣ ማለትም የከረንትን ፈጣን ለውጥ የመቃወም ባሕርይ፣ አለው። ከረንቱ በ8 ማይክሮሰከንድ ውስጥ ወደ 3,000 አምፔር ሲወጣ ሽቦው ብቻውን 375 ቮልት ገደማ ይጨምራል፤ ይህም ቫሪስተሩ ከገታው ቮልቴጅ ላይ ተደምሮ ወደ ዕቃዎቹ ይሄዳል። የሚመከረው የሽቦዎቹ ጠቅላላ ርዝመት ከግማሽ ሜትር እንዳይበልጥ ሲሆን፣ ያን ያማረ ሥራዬን በኋላ ሄጄ አፍርሼዋለሁ።

ሰርጅ ፕሮቴክተርን የሚዋዥቅ ቮልቴጅን ከሚያስተካክለው ከስታቢላይዘር ጋር ማምታታትም ብዙ ዋጋ ያስከፍላል። ቫሪስተር የተሠራው በማይክሮሰከንድ ለሚለካ ክስተት ነው። በባለ ሦስት ፌዝ መስመር ላይ ኒውትራል ሲበጠስ ግን የአንዳንዱ ቤት ቮልቴጅ ወደ 400 ሊጠጋ ይችላል፤ ይህም ለደቂቃዎች ይቆያል። አንድ ደቂቃ ከ20 ማይክሮሰከንድ 3 ሚሊዮን ጊዜ ይረዝማል። በዚያ ቮልቴጅ አንድ አምፔር ብቻ ቢያልፍበት እንኳ ቫሪስተሩ በየሰከንዱ 400 ጁል ስለሚቀበል ይግላል፣ ይጨሳል፤ የሙቀት ፊውዝ ከሌለው እሳት ሊያስነሣም ይችላል። ለእንዲህ ያለው ችግር የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ከልክ ሲያልፍ መስመሩን የሚቆርጥ መሣሪያ ነው።

አንዱን ዲቫይደር በሌላው ላይ መደራረብ ጭነቱ አንድ ሶኬት ላይ ስለሚያርፍ ሽቦውን ያግላል፤ ከዚህ በላይ ማብራራት የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

በመጨረሻም ፕሮቴክተርን እንደ ዘላለማዊ ንብረት መቁጠር አለ። ቫሪስተር ጠንካራ ሰርጅ በተቀበለ ቁጥር እየተጎዳ ይሄዳል፤ ሲያረጅም የሙቀት ፊውዙ ይቆርጠውና ጥበቃውን የምትጠቁመው ትንሽ መብራት ትጠፋለች። አስቸጋሪው ነገር በብዙዎቹ ፕሮቴክተሮች ላይ ሶኬቶቹ ከዚያም በኋላ ኃይል መስጠታቸውን መቀጠላቸው ነው፤ ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም እንደወትሮው ስለሚሠሩ ማንም ልብ አይልም። ቫሪስተሩ ጠቁሮ የተሰነጠቀበትን ፕሮቴክተር ለባለቤቱ ከፍቼ እያሳየሁ መብራቷ ከጠፋች ስንት ጊዜ እንደሆናት ስጠይቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለስልኝ «መብራት ነበራት እንዴ?» የሚል ነው።