የቆየ ናፍታ ፒካፕ አልነሳ ሲል የሚደጋገሙ ስህተቶች

ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገቡ፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ጮቄ ግርጌ ባለው ደጋ የቆዩ ናፍታ ፒካፖች ማለዳ መነሣት ይቸግራቸዋል። በዚህ ወቅት ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ስህተት ችግሩን ሳይለዩ ባትሪ መግዛት ነው። ከብቸና በኩል የመጣ አንድ እህል ነጋዴ ባትሪ ለውጦ ሳይሳካለት ሞተሪኖውን (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣውን) አስፈትቶ ነበር፤ ጥፋቱ ግን የኔጌቲቩ ገመድ ከሞተሩ ብረት ጋር በሚታሰርበት ቦታ ላይ ያለ ዝገት ነበር። እባካችሁ አስቀድማችሁ ሞተሩ የሚዞረው በዝግታ ነው ወይስ በሙሉ ጉልበት እየዞረ ነው እሳት አልይዝ ያለው ብላችሁ ጠይቁ። በዝግታ ከሆነ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ያዙ፤ ሙሉ ሆኖ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፣ ሞተሪኖው ሲያዞርም ከ9.6 ቮልት በታች ካልወረደ ባትሪውን ተዉት። ቀጥላችሁ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጋችሁ ረዳቱ ቁልፉን ሲያዞር ተመልከቱ፤ ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበባችሁ ገመዱንና ማሰሪያውን ፈትታችሁ በብርጭቆ ወረቀት ጥረጉ።

ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልተነሣ ጭሱን አለማየት ሁለተኛው ስህተት ነው። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍታው ደርሷል፣ የጎደለው ሙቀት ወይም ግፊት ነው፤ ምንም ጭስ ከሌለ ናፍታው አልደረሰም። በፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ደጋግማችሁ ስትጫኑት ሞተሩ የሚነሣ ከሆነ ሌሊቱን አየር የሚያስገባ ቱቦ ፈልጉ።

ማሞቂያ ካንዴላዎችን (ከመነሣቱ በፊት የሞተሩን ውስጥ የሚያሞቁትን) በሙሉ ከመቀየር በፊት ቁልፉ ሲከፈት ኤሌክትሪክ እንደሚደርሳቸው አረጋግጡ፤ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝላቸው ሪሌ ከሞተ አዲሶቹም አይሞቁም።

ማሞቂያ ካንዴላ ባለው ሞተር ላይ ኤተር (በቀላሉ የሚቀጣጠል የማስነሻ ስፕሬይ) አትርጩ፤ ጋዙ ያለጊዜው ፈንድቶ ፒስተን ሊሰብር ይችላል።

በመጎተት ማስነሣትም በታይሚንግ ቀበቶ (የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር በሚያገጣጥመው ቀበቶ) በሚሠሩት፣ ለምሳሌ በ2ኤል እና በ3ኤል የቶዮታ ሞተሮች፣ ያረጀው ቀበቶ ጥርስ እንዲዘል ሊያደርግ ይችላል፤ ያኔ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

የጠዋቱን ችግር ከሙቀቱ ችግር ጋር አትቀላቅሉ። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ወጥቶ ለጥቂት ጊዜ የቆመ መኪና፣ ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልተነሣ፣ የናፍታ ፖምፓው የውስጥ ክፍል በእርጅና ተበልቶ በሙቀት የሚቀጥነውን ናፍታ ግፊት መያዝ አቅቶት ሊሆን ይችላል። በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ ፖምፓው ላይ አድርጋችሁ ሲበርድ ከተነሣ፣ ወደ ፖምፓ ሠሪ ውሰዱት እንጂ ካንዴላ አትግዙ።