የጥፍር ስቲከር በብርድ አልይዝ ሲል

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ የውበት ሳሎን ለምትሠሩ። ጠዋት የለጠፋችሁት የጥፍር ስቲከር ጠርዙ እየተነሳ ካስቸገረ፣ ጥፋቱ የስቲከሩ ላይሆን ይችላል። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱ ሙጫውን ያጠጥረዋል፣ ስቲከሩም አልታጠፍ ይላል።

ጥፍሩን በአልኮል ጥረጉና በደንብ ይድረቅ። ስቲከሩን ከወረቀቱ ሳትልጡ በፀጉር ማድረቂያ ፎን ለብ አድርጉት፣ ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። ከለጠፋችሁ በኋላ አንዴ ደግማችሁ ሞቅ አድርጉትና ከመሃል ወደ ጠርዝ በአውራ ጣት ጫን እያላችሁ አስተኙት፣ በተለይ ቆዳው ሥር ያለችውን ጥግ። ሙቀቱ ሙጫውን ስለሚያለሰልሰው ጥፍሩን በደንብ ይይዛል፣ ስቲከሩም የጥፍሩን ቅርጽ ይዞ ይቀራል፤ ግን እስኪቀዘቅዝ ጣታችሁን አታንሱ፣ ዋናው እሱ ነው።

አልኮሉ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶን ሳይደርቅ ፎን አታስጠጉ፣ እሳት ይይዛል። ጥፍሯ የሳሳ ወይም የቆሰለ ደንበኛ ከሆነች ደግሞ እጇ ላይ አትንፉ፣ ስቲከሩን ብቻ አሙቁ።