ማጫወቻው ከኮምፒውተር ጋር አልገናኝ ሲል የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ ሰፈራችን ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ጎረቤቴ ትንሿን የሙዚቃ ማጫወቻቸውን በፌስታል ጠቅልለው መጡ። በማግስቱ በጀልባ ወደ ዘጌ ሊሻገሩ ነው። ጣና ላይ የበገና መዝሙር እየሰሙ መሄድ አምሯቸዋል። «ኮምፒውተሩ አላውቅህም አለው። ሞቷል መሰለኝ» አሉኝ።

አልሞተም ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ «ተበላሸ» ተብሎ እጄ የገባ ማጫወቻ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ደህና ነው። ችግሩ ያለው ዙሪያው ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ኬብሉን አለመጠርጠር ነው። «ቻርጅ ያደርጋል እኮ!» ይላል ሰው። ማድረጉማ ያደርጋል። የተለመደው የዩኤስቢ ኬብል ውስጥ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ሁለቱ ኃይል ያስተላልፋሉ፣ ሁለቱ ደግሞ መረጃ። አንዳንድ ርካሽ ኬብሎች ግን የኃይሎቹን ሁለት ብቻ ይዘው ይሠራሉ። መብራቱ ይበራል፣ ባትሪው ይሞላል፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አያይም። «ጋሼ፣ ይሄን ኬብል ከየት አመጡት?» ስላቸው «ከልጄ የእጅ ባትሪ ነቅዬ» አሉ። የኔን ሰካሁት፤ ወዲያው ታየ።

የእናንተንም መሞከር ቀላል ነው። በዚያው ኬብል ስልካችሁን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኙ። ስልኩ ቻርጅ ብቻ ካደረገና ፋይል ላስተላልፍ ወይ ብሎ ካልጠየቀ፣ ኬብሉን ቀይራችሁ ድገሙት። ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ ፊት ለፊት ያለውን ቀዳዳ ትታችሁ ከኋላ ሰኩት። የማጫወቻው ቀዳዳ ኪስ ውስጥ አቧራና ክር ጠጥቶ ሊሆን ስለሚችል፣ አጥፍታችሁ በስቴኪኒ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት። በመርፌ አይሆንም!

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ሁለተኛው ነው። ኮምፒውተሩ «ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት አድርግ» ሲል ሰው ሳያነብ እሺ ይላል። ለዓመታት የተለቀመ ዘፈን በአንዲት ጠቅታ ይሄዳል። መልእክቱ ግን የግድ ዲስኩ ሞቷል ማለት አይደለም። ዘፈን እየተገለበጠ ሳለ መብራት ከሄደ የፋይሎቹ መዝገብ ሊዛባ ይችላል። እዚህ ከተማ ደግሞ መብራት ሲሄድ አስፈቅዶ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ ድራይቩን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ቀጥሎ ቱልስ ግቡና ቼክ የሚለውን ተጫኑ። ውስጡ ያለው የማይተካ ነገር ከሆነ ግን ምንም ሳትነኩ ፋይል ማውጣት የሚችል ሰው ፈልጉ። ፎርማት የመጨረሻው አማራጭ ነው። የግድ ካለም ፋት 32 የሚለውን ምረጡ፤ ኤንቲኤፍኤስ ካደረጋችሁት ብዙዎቹ ትንንሽ ማጫወቻዎች ማንበብ አይችሉም።

የሾርትከት ቫይረስንም ሰው «ዘፈኔ ጠፋ» ብሎ ያለቅስበታል። ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት አንዴ ሰክታችሁት ከሆነ ታውቁታላችሁ። ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ይሆናሉ። ግን የተያዘውን ቦታ ተመልከቱ፤ 6 ጊጋ ተይዟል ካለ ዘፈኖቹ እዚያው ተደብቀው ነው። ሾርትከቱን አትክፈቱ። ኮምፒውተሩን በአንቲቫይረስ አጽዱና የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ፣ ከዚያ ዘፈኖቹን ብቻ ገልብጡ።

ባትሪው ጨርሶ ያለቀ ማጫወቻ እንደሰካችሁት ላይታይ ይችላል። ግማሽ ሰዓት ታገሡት።

አይፖድ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። አፕል በግንቦት 2014 ዓ.ም. አይፖድ መሥራት ማቆሙን ቢያስታውቅም፣ የድሮዎቹ ዛሬም ይሠራሉ። ስህተቱ እንደ ፍላሽ ቆጥሮ ዘፈን ጎትቶ መጣል ነው። ፋይሉ ይገባል፣ ዝርዝሩ ላይ ግን አይወጣም፤ በአይቲዩንስ በኩል መጫን አለበት። አዳዲስ ማኮች ላይ ይህን ሥራ ፋይንደር ወስዶታል። የጓደኛችሁ ላፕቶፕ ላይ ስትሰኩት «የነበረውን አጥፍቼ ላመሳስል?» ካላችሁ እሺ አትበሉ፤ ያለው ሙዚቃ ሁሉ ተጠርጎ በጓደኛችሁ ሙዚቃ ይተካል። አይፖድ ክላሲክ የሚባለው ደርቆ ከቀረ ሜኑንና የመሃሉን ቁልፍ አንድ ላይ የአፕል ምልክት እስኪወጣ ተጭናችሁ ያዙ።

ዘፈኑ ገብቶ ካልተጫወተ የፋይሉን ዓይነት እዩ። ፍላክ የሚባለውን የድምፅ ፋይል የማያውቅ ማጫወቻ ብዙ ነው፤ ወደ ኤምፒስሪ ቀይሩት። የአማርኛ ስም ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ በላቲን ፊደል ጻፉት። ስትጨርሱም ኮምፒውተሩ ላይ ኢጀክት (አስወጣ) የሚለውን ሳትጫኑ አትንቀሉ።

የጋሼን 40 መዝሙር ጭኜ ሰጠኋቸው። «ያ ኬብል ለመዝሙር አይሆንም» ማለቴን አስታውሳለሁ። እሑድ ማታ ሲመለሱ ፊታቸው አላማረኝም። ባትሪው ገና ዘጌ ሳይደርሱ አልቋል። ለካ ኬብሉን ተናደው ቅዳሜውኑ ጥለውት፣ የሚሞሉበት አጥተው ነው።