እስር ቤትን ማጥናት ለምትፈልጉ

"ስለ እስር ቤት መመራመር እፈልጋለሁ" የሚለኝን ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ "ምኑን?" ብዬ እጠይቀዋለሁ። ብዙዎቹ "ሰው ለምን ወንጀል ይሠራል" ይሉኛል። ለዚህ የአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃም። ጠበብ አድርጉት። ዋስትና ተፈቅዶላቸው ገንዘቡን ማስያዝ ያቃታቸው ሰዎች ስንት ጊዜ ታስረው ይቆያሉ? ይሄ መልሱ መዝገብ ላይ አለ። የእስር ቤት ማሻሻያ አቀንቃኙ ጆን ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በ1773 የቤድፎርድሻየር አውራጃ ሸሪፍ (እስር ቤቱን ጭምር የሚቆጣጠር ሹም) ሲሆን ያስደነገጠው እንዲህ ያለ ነገር ነው። እንግሊዝ ውስጥ ፍርድ ቤት በነጻ ያሰናበታቸው ሰዎች የእስር ቤቱን ኃላፊ ክፍያ መክፈል ስላቃታቸው ብቻ ታስረው ይቆዩ ነበር።

በሕግም፣ በሶሺዮሎጂም፣ በሳይኮሎጂም መግባት ይቻላል። ስታትስቲክስን ግን አደራ፣ እንዳትሸሹት። በዓመት 1,000 ሰው የሚገባበት እስር ቤት ውስጥ አማካይ ቆይታው ከ6 ወር ወደ 1 ዓመት ቢረዝም፣ በአንድ ቀን የሚገኘው እስረኛ ከ500 ወደ 1,000 ያድጋል። ወንጀል ግን አልጨመረም። ይህ ያልገባው ተመራማሪ ሕዝብ ያሳስታል።

ፈቃድ ጊዜ ይፈጃል። በሩ ቢዘጋባችሁ የፍርድ ቤት መዝገብ ወይም የተፈቱ ሰዎችን ይዛችሁ መቀጠል እንድትችሉ ከወዲሁ አቅዱ።

ገብታችሁ ስትቀመጡ ከባዱ ነገር ፈቃደኝነት ነው። ጠባቂ ጠርቶ ያመጣው ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል። እኔ ከማስፈረሜ በፊት በአንቱታ እንዲህ እላለሁ፦ "ቢያናግሩኝ ፍርድዎ አይቀንስም፤ ባያናግሩኝም አመክሮዎን አይነካም።" ከዚያ ዝም እላለሁ። አንዳንዱ ተነስቶ ይሄዳል። ይሂድ፤ መብቱ ነው። ሰው ሊጎዳ መሆኑን ከሰማሁ በምስጢር መያዝ እንደማልችልም አስቀድሜ እናገራለሁ።

"ምን ሠርተው ገቡ?" ብላችሁ አትጀምሩ። ስለ ቀኑ ጠይቁ። በሩ ስንት ሰዓት ይከፈታል? ስንት ሰዓት ይዘጋል? ከማን ጋር ያወራሉ? ተራ ጥያቄ ይመስላል፤ ግን የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው፣ ስለ እስረኞች አያያዝ የሚደነግጉት የማንዴላ ደንቦች በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሰው ጋር በቅጡ ሳይገናኙ መታሰርን "ለብቻ ማሰር" ይሉታል፣ ከ15 ተከታታይ ቀን በላይ መቀጠሉንም ይከለክላሉ። ሰዓት ስትቆጥሩ እነዚህ ደንቦች መጣሳቸውን ልታገኙ ትችላላችሁ።

ጠባቂዎቹንም አናግሩ። እነሱም ውሏቸው እዚያው ነው፤ የሚጠይቃቸው ግን ጥቂት ነው።

ደብተራችሁ በር ላይ ሊፈተሽ ስለሚችል የማንንም ስም አትጻፉበት። ለእያንዳንዱ ሰው ኮድ ስጡ፤ የኮዱን መፍቻ ግቢው ውስጥ ፈጽሞ አታስገቡ።