በቱሪስት ቪዛ አሜሪካ የገባ የወሎ ልጅ ወደ ኢንቨስተር (ኢ-2) እንዴት ይቀይራል

ደሴም በሉት ኮምቦልቻ ኢንቨስተር ቪዛ ሲባል ሰው ሚሊየነር ብቻ ነው ሚመስለው፣ እንደዛ አይደለም። ኢትዮጵያና አሜሪካ እንደ ፈረንጅ በ1953 ስራ ላይ የዋለ ስምምነት ስላላቸው የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ኢ-2 (አሜሪካ ውስጥ የራሱን ገንዘብ አውጥቶ ቢዝነስ ለሚያካሂድ ሰው የሚሰጥ) መጠየቅ ይችላል፣ ህንድና ቻይና እንኳን ይሄ እድል የላቸውም። ህጉ የቆረጠው የገንዘብ መጠን የለም፣ የሚታየው ቢዝነሱ ስንት ይፈጃል አንተስ ከዛ ላይ ስንቱን አወጣህ የሚለው ነው።

መጀመሪያ አይ-94 የሚባለውን፣ መቼ እንደገባችሁና እስከ መቼ መቆየት እንደምትችሉ የሚያሳየውን መዝገብ፣ ከኢንተርኔት አውጥታችሁ እዩት። የሚቆጠረው ቪዛው ላይ ያለው ቀን ሳይሆን እሱ ላይ ያለው ነው፣ ለቱሪስት ብዙ ጊዜ 6 ወር ይሰጣል፣ ማመልከቻው ከዛ ቀን በፊት መግባት አለበት። በገቡ በሳምንቱ ማስገባትም ጥሩ አይደለም፣ ስቴት ዲፓርትመንት (የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ) የ90 ቀን መመሪያ አለው፣ ከገቡ 90 ቀን ሳይሞላ ከሆነ ኤርፖርት ላይ ለጉብኝት ነው ያልከው ውሸት ነበር ወይ ያስብላል። ከ4ኛው ወር በኋላ ይሻላል። አስቀድሞ አስቦበት የሚሄድ ሰው ግን እዛው አዲስ አበባ ኤምባሲ ኢ-2 ይጠይቅ።

ቀጥሎ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ማቋቋም፣ የባንክ አካውንት፣ የሱቅ ኪራይ ውል ምናምን ነው። የድርጅቱ ቢያንስ 50 ፐርሰንት በኢትዮጵያ ዜጋ የተያዘ መሆን አለበት፣ ቨርጂኒያ ያለው የአክስት ልጅ የአሜሪካ ሲቲዝን ከሆነና 60 ፐርሰንቱን ከያዘ አይሆንም። ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ አይቆጠርም፣ ቢዝነሱ ላይ መውጣት አለበት፣ ከፈራችሁ ገንዘቡን ሶስተኛ ወገን ጋ አስቀምጦ ፍቃዱ ሲመጣ ለቢዝነሱ ሻጭ እንዲለቀቅ (ኤስክሮው) ማድረግ ይቻላል። ፍቃዱ ሳይመጣ ግን ቢዝነሱ ውስጥ ገብቶ መስራት የለም፣ አንድ ቀንም ቢሆን።

ዋናው ነገር ገንዘቡ ከየት መጣ የሚለው ነው፣ እኔ የማየው ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው። ከኢትዮጵያ ባንክ ዶላር አውጥቶ ውጭ ኢንቨስት ማድረግ በብሔራዊ ባንክ ህግ ዝም ብሎ አይቻልም፣ ስለዚህ ሰው ብሩን ደሴ ላይ ይሰጥና ዶላሩን አሜሪካ ይቀበላል፣ ይሄ ህገወጥ ከመሆኑም በላይ ዶላሩ ወረቀት ስለሌለው ፋይሉን ያበላሸዋል። የሚያዋጣው መንገድ ወሎ ላይ አረብ ሀገር ሰው የሌለው ቤት የለም ማለት ይቻላልና ሪያድ ወይ ዱባይ ያለ ወንድም ከደሞዙ ያጠራቀመውን በባንክ በቀጥታ ቢልክ ነው፣ ስጦታ ነው አይመለስም የሚል ደብዳቤ፣ የደሞዝ ወረቀቱና የባንክ ስቴትመንቱ አብሮ ይያያዛል። የአማርኛ ወረቀት ሁሉ ሙሉ ትርጉምና የተርጓሚው ፊርማ ይፈልጋል። ሁለት ነገር ደግማችሁ እዩ፣ አንደኛ ቀን፦ ሰኔ 2012 ብሎ የተፃፈ የልደት ወይ የጋብቻ ወረቀት ጁን 2020 ሆኖ ካልተቀየረ 8 አመት ወደኋላ ይሄዳል። ሁለተኛ ስም፦ ሙሀመድ ፓስፖርት ላይ በሁለት ኤም ባንክ ላይ ባንድ ኤም ከተፃፈ የሁለት ሰው ገንዘብ ይመስላል፣ አንድ ሰው መሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ ይያያዝ።

ከዛ ዋናው ማመልከቻ ፎርም አይ-129 ለኢ ቪዛ ካለው ተጨማሪ ቅፅ ጋር ይሞላል፣ ሚስትና ከ21 አመት በታች ያሉ ልጆች ደግሞ አይ-539 ይሞላሉ። ቢዝነሱ ቤተሰብ ከማብላት አልፎ እንደሚያድግ የሚያሳይ የ5 አመት ቢዝነስ ፕላን ይጨመርበት። ፕሪሚየም የሚባለውን የማፋጠኛ ክፍያ ከከፈላችሁ በ15 የስራ ቀን መልስ ይመጣል ወይ ተጨማሪ ወረቀት ይጠይቃሉ። ኢሚግሬሽን ጠበቃ ያዙ፣ ደላላ አይደለም።

ሲፀድቅ እስከ 2 አመት ይሰጣል፣ ቢዝነሱ እስከሰራ ይታደሳል፣ ግሪን ካርድ ግን አይደለም። ደግሞ የተቀየረው ስታተስ (አሜሪካ ውስጥ የመቆያ ሁኔታ) እንጂ ለመግባት የሚያስፈልገው ቪዛ አይደለም፣ አረፋን ወይ ገናን ቤተሰብ ጋ ላክብር ብሎ ደሴ የሄደ ሰው ለመመለስ ኤምባሲ ቀርቦ የኢ-2 ቪዛ ማውጣት አለበት፣ እዛ ደግሞ ፋይሉን ከመጀመሪያው ነው የሚያዩት፣ ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት የላካችሁትን ሁሉ ኮፒ ያዙ።