ለሰርግሽ ዘመናዊ የሐበሻ ቀሚስ እንዴት ታሠሪያለሽ?

ብዙ ሙሽሮች የሚጀምሩት ከስልክ ነው። ቲክቶክ ላይ ያዩትን ቀሚስ ስክሪንሾት ያደርጉና ዲዛይነሯ ጋ ሄደው "እንደዚህ ሥሪልኝ" ይላሉ። ለቬሎ ይህ ያስኬዳል። ለሐበሻ ቀሚስ ግን አያዋጣም። ጥለቱ ጨርቁ ላይ የሚገባው ገና ሸማኔው ዘንድ ነው፣ መቀስ ሳይነካው። ስለዚህ የቀሚሱ ቅርጽ፣ ቁመትና የጥለቱ ቦታ ሽመናው ሳይጀመር መወሰን አለበት። ከታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ የተነሳው ከዚህ ነው።

1. አሁን የሚለበሰውን ለዪ

ድሮ ጥለቱ ከአንገት ተነስቶ በደረት መሃል ይወርዳል፤ እጅጌና ዘርፍ ላይ ደግሞ ይደገማል። አሁን ዲዛይነሮች ቦታውን እየቀየሩት ነው። አንዳንዱ ሰፊ ጥለት ዘርፍ ላይ ብቻ ያደርጋል። ሌላው ወደ ጎን ወይም ወደ ጀርባ ይወስደዋል። ነጭ በነጭ፣ ክሬም በወርቃማ ጥለትም ይፈለጋል። ከወገብ በላይ ሰውነትን አጥብቆ የሚይዝ ኮርሴት፣ ከወገብ በታች እስከ ጉልበት ጠቦ ከዚያ የሚሰፋ ሜርሜድ፣ ከትከሻ እስከ መሬት የሚወርድ ስስ መጎናጸፊያም በየሰርጉ ይታያል። ወገብ ላይ የሚታሰር ተደራቢ ቀሚስም አለ። ለመግቢያና ለፎቶ መሬት ላይ ይጎተታል፣ ጭፈራ ሲጀመር ይወልቃል። ለገንዘብሽ በጣም የሚያዋጣው ይሄኛው ይመስለኛል፣ አንዱ ልብስ ሁለት ይሆንልሻልና።

ሌላው ዓለም ላይም ቀለል ያለ ቀሚስ ተመልካቹ ብዙ ነው። ሜገን ማርክል የእንግሊዙን ልዑል ሃሪን ስታገባ እ.ኤ.አ. በ2018 የለበሰችው፣ ዲዛይነሯ ክሌር ዌይት ኬለር ለጂቫንሺ ፋሽን ቤት የሠራችው ቀሚስ ዳንቴልም ዶቃም አልነበረበትም። እንዲህ ያለው ንጹህ መስመር ለሸማ በጣም ይስማማዋል። የሸማ ውበት ክሩ ላይ ነው፤ ዶቃ ሲበዛበት ይደበቃል።

2. ለየትኛው ቀን እንደሆነ ወስኚ

ለሰርጉ ቀን ቬሎ፣ ለመልስ የሐበሻ ቀሚስ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። ለመልስ ከሆነ ካባ ትደርቢበታለሽ። ካባ ከባድ ነው፣ ትከሻና ጀርባን ይሸፍናል። ታዲያ ማንም የማያየው ጀርባ ላይ ውድ ጥልፍ ማሠራት ምን ይጠቅምሻል? ገንዘብሽን ዘርፉና እጅጌው ላይ አውይው።

3. ጨርቁን በእጅሽ ዳሰሽ ምረጪ

ሽሮ ሜዳ፣ ከአሜሪካ ኤምባሲ ከፍ ብሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ፣ ሱቁ ከላይ እስከ ታች የሐበሻ ልብስ ነው። ዲዛይነር ብትይዢም አንድ ቀን እዚያ ዞረሽ ጨርቁን ንኪ። በእጅ የተፈተለው ፈትል ለስላሳና ወፈር ያለ ነው፤ ሰፋ ላለ ቀሚስ ያምራል። ስሱን ጨርቅ ወደ ብርሃን ዘርጊና እጅሽን ከኋላው አድርጊ። ጣትሽ ጥርት ብሎ ከታየ ገበር የግድ ነው።

ሸማ አይለጠጥም። ሲቆረጥም ጠርዙ ይተረተራል። ሜርሜድና ኮርሴት ከፈለግሽ ጠንካራ ገበርና በኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ በሚይዝ ማሽን) የተያዘ ስፌት ያስፈልግሻል። ዶቃ ካለም ገበር ባለው ቦታ ላይ ይሁን። ያለዚያ ክብደቱ ጨርቁን ወደ ታች ይጎትተዋል።

4. ልክሽን ጫማ አድርገሽ ተለኪ

እዚህ ላይ ረጋ በይ። የዘርፉ ጥለት ጨርቁ መጨረሻ ላይ ተሸምኖ ነው የሚመጣው። ቀሚሱ ከረዘመ ከታች ማሳጠር አይቻልም፤ ጥለቱ አብሮ ይቆረጣል። የሚያጥረው ከወገብ ነው። ይህ ደግሞ ወገቡ ላይ ያለውን ስፌት በሙሉ መፍታት ማለት ነው። ስለዚህ ጫማሽን መጀመሪያ ግዢ፣ አድርጊው፣ ከዚያ ተለኪ። ከስፌቱ ውስጥም ጥቂት ሴንቲ ትርፍ ጨርቅ እንዲተዉልሽ ጠይቂ። ከሰርግ በፊት የማይከሳ ወይም የማይወፍር ሰው የለም።

5. ጊዜውን ከወር ጋር አስሊ

ኦርቶዶክሶች በጾም ስለማይሞሸሩ ሰርጉ ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ይከማቻል። ሸማኔውም ሰፊዋም የሚጨናነቁት ያኔ ነው። ለጥር ሰርግ መስከረም ላይ፣ ከፋሲካ በኋላ ላለው ደግሞ ቢያንስ ጥር ላይ ቀብድ ክፈዪ። የሽመናው ዋጋና የስፌቱ ዋጋ ለየብቻ ይጻፍልሽ። ጥለቱን ደግሞ ናሙና ሳታዪ አትስማሚ። ክሩ ተጠቅልሎ ሲታይና ተሸምኖ ሲታይ ቀለሙ አንድ አይደለም።

6. ስትሞክሪው ቆመሽ ብቻ አትዪው

መስታወት ፊት ቆሞ የማያምር ቀሚስ የለም። አንቺ ግን ቀኑን ሙሉ አትቆሚም። ተቀመጪ። ደረጃ ውጪ። ትከሻሽን ለእስክስታ እንደምትሰብቂው ስበቂው። ብብቱ ከያዘሽ ዛሬውኑ ሰፋ ይደረግ። ቀጥሎ ጎንበስ ብለሽ ጉልበት እንደምትስሚ ሁኚ። የወላጆችሽንና የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስትስሚ ሜርሜዱ ጉልበትሽ ላይ ከጠበቀ፣ በዚያ ትልቅ ሰዓት ሰው ደግፎ ሊያነሳሽ ነው። ከኋላ በኩል መክፈቻ ማስገባት ወይም ጥበቱን ከጉልበት በታች ዝቅ ማድረግ ይፈታዋል።

7. ውጭ አገር ካለሽ

ዋሽንግተንም ሆንሽ ዱባይ፣ ልክሽን ራስሽ አትውሰጂ። ልብስ ሰፊ ጋ ሄደሽ አስለኪ፣ ስትለኪም ቪዲዮ ይቀረጽና ለዲዛይነሯ ላኪላት። ሰፊዋ ስፌቱን ሙሉ ለሙሉ ሳትጨርስ፣ በጎንና በወገብ በኩል ክፍት ትታ እንድትልክልሽ ተስማሚ። የመጨረሻውን ማጥበብ አጠገብሽ ያለ ሰፊ ይሠራዋል። ሲደርስሽ ከፌስታሉ አውጥተሽ በነጭ ነጠላ ጠቅልይው። ካውያ ስትመቺውም ጥለቱን ገልብጠሽ ከውስጥ በኩል፣ ስስ ጨርቅ ደርበሽበት ይሁን።