የኔትቪው አለርት ዝርዝር አልታይ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ኔትቪው በአይቢኤም ሜይንፍሬም (ትልልቅ ኮምፒውተሮች) ላይ ኔትወርክን የሚከታተል ፕሮግራም ነው። ሃርድዌር ሞኒተር የሚባለው ክፍሉ አለርትን፣ ማለትም የችግር ማስጠንቀቂያን፣ የሚያሳየው በአንድ መስመር ነው። መስመሩ የዶሜኑን (አለርቱ የመጣበትን የኔትቪው ክልል) ስም፣ የመሣሪያውን ስምና ዓይነት፣ ሰዓቱን፣ ከዚያም የችግሩን አጭር መግለጫና ሊሆን የሚችለውን መንስኤ ይይዛል። በ80 ፊደል ስፋት ከዚህ በላይ አይገባም። ለውሳኔ የሚያበቃው መረጃ ከመስመሩ ጀርባ ነው፤ ችግር የሚፈጠረውም ብዙ ጊዜ እሱን ለመክፈት ስንሞክር ነው።

ወደ ምልክቶቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ጥያቄ ይመለስ፦ ዝርዝሩ ሳይመዘገብ ቀረ ወይስ ተመዝግቦ አልታይ አለ? ተመዝግቦ ያልታየ ይገኛል። ያልተመዘገበ ግን ከሃርድዌር ሞኒተሩ አይገኝም፤ ማስተካከል የምትችሉት የሚቀጥለውን ብቻ ነው። ይህን ሳይለዩ ማጣሪያ (ምን ይመዝገብ፣ ምን ይታይ የሚለውን ቅንብር) መነካካት የጀመሩ ሰዎች ሥራቸውን እጥፍ ሲያደርጉት አያለሁ።

ምልክት፦ የአለርቱን ቁጥር ልጽፍ ብል ቁጥር የለም፣ ወይም የጻፍኩት ምንም አያመጣም

ያላችሁት በተለዋዋጩ የአለርት ስክሪን ላይ ነው። እሱ አዲስ የመጣውን ከላይ እያስገባ ራሱን ስለሚያድስ መምረጫ ቁጥር የለውም። ኢንተር ስትጫኑ ወደ ቋሚው ስክሪን ያሻግራችኋል፤ እዚያ እያንዳንዱ መስመር ፊት ለፊቱ ቁጥር አለው። ቁጥሩን ስትጽፉ የሚመከሩ እርምጃዎች ስክሪን ይከፈታል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆምና «ዝርዝሩ ይሄ ነው» ይላል። አይደለም። ይህ ስክሪን የሚነግራችሁ ችግሩ በተጠቃሚ፣ በአገጣጠም ወይም በብልሽት ሊመጣ እንደሚችልና ምን ብታደርጉ እንደሚሻል ነው። ከእርምጃው ፊት ኮድ ካለና አጭሩ ጽሑፍ ካልበቃችሁ፣ ኤክሽን የሚለውን ትዕዛዝ ከነኮዱ ብትሰጡት ማብራሪያውን ያወጣል። ትክክለኛው ዝርዝር የሚመጣው ከዚሁ ስክሪን ዲ ስትጽፉ ነው። ዲኤም ብትሉ ደግሞ የዝርዝር ማውጫው ይከፈታል፤ መዝገቡን በሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት ቁጥር) የማየት ምርጫም እዚያ አለ። በኔ ግምት በሥራ ላይ ትንሹን ትኩረት የሚያገኘውና ብዙ የሚጠቅመው ይህ የሄክስ ስክሪን ነው፤ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

ምልክት፦ ባልደረባዬ አለርቱን ያየዋል፣ እኔ ጋ የለም

ይህ ቀላሉ ነው። የማሳያ ማጣሪያ በኦፕሬተር ነው የሚሠራው፤ ኤስቪፊልተር በሚለው ትዕዛዝ የምታስቀምጡት እናንተን እንጂ ሌላውን አይነካም። ስትገቡ በራሱ የሚሮጥ የመግቢያ ፕሮሲጀር ካላችሁ ማጣሪያው እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ተረስቶ ይሆናል። ዲፊልተር በሚለው ትዕዛዝ የማሳያ ማጣሪያችሁን አውጥታችሁ እዩ፤ የሚያግደውን አጽዱ። መረጃው አልጠፋም፤ ወዲያው ይታያል።

ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ አሁንም ካልታየ ፈቃዳችሁን አስፈትሹ። ትዕዛዞቹ በራክፍ (በሜይንፍሬሙ የደህንነትና የፈቃድ ሥርዓት) የኔትሲኤምዲኤስ ክላስ ተጠብቀው ከሆነ የእናንተ ፕሮፋይል ከባልደረባችሁ ሊጠብ ይችላል።

ምልክት፦ መሣሪያው መበላሸቱ በሌላ መንገድ ታውቋል፣ አለርቱ ግን ለማንም አልታየም

ጊዜ የሚወስደው ይህኛው ነው። ወደ ሃርድዌር ሞኒተር የሚመጣ መዝገብ በሁለት በር ያልፋል። የመጀመሪያው ኤስሬክ የሚባለው ነው፤ ክስተቱ ዳታቤዝ ውስጥ ይግባ ወይስ ይቅር የሚለውን ይወስናል። ሁለተኛው ኤሬክ፣ የገባው ክስተት አለርት ሆኖ ይውጣ ወይ ይላል። ሁለቱም ለሁሉም ኦፕሬተር የሚሠሩ የመቅጃ ማጣሪያዎች ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ የመሣሪያውን የክስተት ታሪክ ክፈቱ። ክስተቱ እዚያ ካለ ያገደው ሁለተኛው በር ነው፤ ዝርዝሩንም ከዚያው ከክስተቱ ላይ ማየት ትችላላችሁ። እዚያም ከሌለ የመጀመሪያው በር ላይ ቀርቷል፣ ወይም ጭራሽ ኔትቪው ጋ አልደረሰም።

ዲፊልተር ኤሬክ ብላችሁ ዝርዝሩን አውጡና በስም ብቻ ሳይሆን በክስተት ዓይነትም የታገደውን እዩ። ብዙ ቦታ «ጩኸት ቀንሱ» ተብሎ ጊዜያዊ የሚባሉት ክስተቶች፣ ማለትም ቴምፕ የሚል ዓይነት ያላቸው፣ በጅምላ ይታገዳሉ። ተከትሎ የመጣው ቋሚ ብልሽት ሲታይ የቀደሙት ምልክቶች የሉም። በጅምላ ከማገድ ይልቅ የሚያስቸግረውን መሣሪያ በስሙ ማገድ ይሻላል፤ ማስተካከያው የሚሠራው ኤስአርፊልተር በሚለው ትዕዛዝ ነው።

ማጣሪያው ልክ ሆኖ አለርቱ አሁንም ካልመጣ አውቶሜሽን ቴብሉን (አለርት ሲመጣ በራሱ ምን ይደረግ የሚሉ ደንቦች ሠንጠረዥ) ተጠራጠሩ። በቴብሉ ውስጥ የኤስአርኤፍ አክሽን (የመቅጃ ማጣሪያ የሚያስቀምጥ) የተጻፈበት ስቴትመንት (ደንብ) ካለ በትዕዛዝ ካስቀመጣችሁት ማጣሪያ ይበልጣል፤ እናንተ አሳልፍ ብላችሁ እሱ ሊያግድ ይችላል። የትኛው ስቴትመንት እንደያዘው በዓይን ከመፈለግ አውቶሲኤንቲ በሚለው ትዕዛዝ የኤምኤስዩ (አለርት የሚጓዝበት የመዝገብ ዓይነት) ሪፖርቱን በዝርዝር አውጡ፤ እያንዳንዱ ስቴትመንት ስንት ጊዜ እንደተመታ ይቆጥራል። ሪፖርቱን አውጡ፣ በጄንአለርት ትዕዛዝ የሙከራ አለርት ላኩ፣ ሪፖርቱን ድገሙት። ቁጥሩ የጨመረው ስቴትመንት ነው የያዘው። የሙከራው አለርት ግን የእውነተኛውን መሣሪያ ስምና የክስተት ዓይነት ይያዝ፤ አለዚያ የምትፈትኑት ሌላ መንገድ ነው።

ምልክት፦ ዝርዝሩ ተከፈተ፣ ጽሑፉ ግን ደረቅና ጠቅላላ ነው

አለርቱን የላከው ምርት ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይልክም፤ የሚልከው የኮድ ቁጥር ነው። ኔትቪው ቁጥሩን በኮድ ፖይንት ቴብል ፈልጎ ወደ ጽሑፍ ይለውጠዋል። ቁጥሩን በቴብሉ ካላገኘ በምድቡ ያለውን ጠቅላላ ጽሑፍ ያስቀምጣል። የሌላ ኩባንያ ምርት ወይም በቤት የተጻፈ ፕሮግራም አለርት ሲልክ ይህ ይደጋገማል።

አሁን ወደ ሄክስ ስክሪኑ። 0ቢ 92 የሚል ፈልጉ። 0ቢ ርዝመቱ ነው፣ 11 ባይት ማለት ነው፤ 92 ደግሞ የአለርቱ ዋና መረጃ ያለበት ሰብቬክተር (የመዝገቡ ክፍል) መሆኑን ይናገራል። ከዚያ ሁለት ባይት ፍላግ እለፉ። ቀጥሎ ያለው አንድ ባይት ዓይነቱ ነው፤ 01 ቋሚ፣ 02 ጊዜያዊ፣ 03 የአፈጻጸም ችግር። ከዓይነቱ በኋላ ያሉት ሁለት ባይቶች የመግለጫው ኮድ ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ አራት ደግሞ የአለርቱ መለያ ቁጥር። ለምርቱ አቅራቢ ስትደውሉ «መስመር ላይ ችግር አለ ይላል» ከምትሉ እነዚህን ስድስት ባይቶች አንብቡላቸው፤ ንግግሩ ያጥራል። ሊሆኑ የሚችሉ መንስኤዎች በሰብቬክተር 93፣ በብልሽት የመጡት በ96፣ ተጨማሪ ዝርዝር መረጃ በ98 ውስጥ ነው።

ጽሑፉን በቋሚነት ለማስተካከል የጎደለውን ኮድ ለተጠቃሚ በተተወው ቴብል ላይ ጨምሩና ሲፒቲቢኤል በሚለው ትዕዛዝ ጫኑት። መጀመሪያ በሙከራ አማራጩ አስኪዱት፤ የፊደል ስህተት ካለ ሥራ ላይ ያለውን ቴብል ሳይነካ ይነግራችኋል።

ምልክት፦ ትናንት የነበረው ዝርዝር ዛሬ የለም

ሁለት መንስኤ አለው። አንዱ የመጠቅለያ ቁጥሩ ነው፤ ለአንድ መሣሪያ የሚያዘው መዝገብ ገደብ ስላለው አዲሱ ሲገባ አሮጌው ይወጣል። ብዙ ክስተት የሚያወርድ መሣሪያ ካለ ለእሱ ብቻ በኤስራፕ ትዕዛዝ ገደቡን ከፍ አድርጉ።

ሌላው የዳታቤዝ መቀየር ነው። ቢኤንጄዲሰርቭ የሚባለው ታስክ ዋናና ተጠባባቂ የቪሳም (የሜይንፍሬም የፋይል ዓይነት) ፋይል አለው። ዋናው ሞልቶ ወይም ተበላሽቶ ወደ ተጠባባቂው ከተቀየረ ስክሪኑ የሚያሳየው ሥራ ላይ ያለውን ብቻ ነው። የቀድሞው መረጃ በቦታው ተቀምጧል፤ በዲቢአውቶ ትዕዛዝ መልሶ መቀየር ይቻላል። እዚህ ላይ የምለምናችሁ፦ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደቀየረ ሳታረጋግጡ ፋይሉን አታጽዱ። ታስኩ ራሱ ወድቆ ከሆነ ግን ሃርድዌር ሞኒተሩ ጭራሽ አይከፈትም፤ ታስኩን አስነሱና ለምን እንደወደቀ ሎጉን እዩ።

ምልክት፦ ከሌላ ዶሜን የተላከ አለርት ዝርዝሩ አልመጣም

ወደ ማዕከል የተላለፈው አለርቱ ሆኖ ዝርዝሩ በመነሻው ሲስተም ላይ ሊቀር ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ሴሽን (ግንኙነት) ከተቋረጠ መስመሩ ይታያል፣ ከጀርባው ያለው አይመጣም። ሴሽኑን አስነሱና ኤስዶሜን ብላችሁ የመነሻውን ዶሜን ስም ስጡ፤ ከዚያ በኋላ የምትከፍቷቸው ስክሪኖች የዚያን ዶሜን ዳታቤዝ ያነባሉ። ስትጨርሱ ወደ ራሳችሁ ዶሜን መመለሱን አትርሱ፤ ካልተመለሳችሁ የራሳችሁን አለርት ፍለጋ የሰው ዳታቤዝ ስታገላብጡ ትውላላችሁ።